ሰኸር የተባለችው ሄራኑሽ

ቱርካዊቷ የሕግ ባለሙያ ፈቲዬ ቼቲን ሴት አያታቸውን የሚያውቋቸው ሰኸር በሚል ስም ነበር። አያትየው ካረጁ በኋላ አንድ ቀን የልጅ ልጃቸውን ለብቻ አስቀምጠው ምሥጢራቸውን አወጡ። የልደት ስማቸው ሄራኑሽ ነው፤ ወላጆቻቸውም አርመኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1915 ሕዝቡ ከቀዬው ተነቅሎ ወደ ሶሪያ በረሃ ሲነዳ፣ አንድ የጃንደርማ አሥር አለቃ ትንሿን ሄራኑሽን ከእናቷ እጅ ነጥቆ ወሰዳት። ስሟም ሃይማኖቷም በዚያው ተቀየረ።

ይህ የአንድ ቤት ገመና ብቻ አይደለም። በኦቶማን ግዛት አርመኖች ላይ የዘመተው ኃይል ለወንድና ለሴት የተለያየ ዕጣ ደግሶ ነበር። ወንዶቹ በአብዛኛው ተለይተው ቀድመው ተገደሉ። ሴቶችና ሕፃናት በእግር ተነዱ፤ ብዙዎች በረሃብና በጥም መንገድ ላይ ቀሩ። ከሞት ካመለጡት መካከል የተጠለፉ፣ የተሸጡ፣ ያለ ፈቃዳቸው የተዳሩ ጥቂት አልነበሩም። በበረሃው ጎሣዎች መካከል ከኖሩት ሴቶች የብዙዎቹ ፊትና እጅ ተነቀሰ። በሊባኖሷ አንቱራ ደግሞ በኦቶማኑ አዛዥ በጀማል ፓሻ ትእዛዝ በተከፈተው የሕፃናት ማሳደጊያ ልጆቹ የቱርክ ስም ወጣላቸው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መናገርም ተከለከሉ።

ታዲያ እነዚህ «ተረፉ» ይባላል?

በሕይወት መቆየታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ልጅን ከወገኑ ነጥቆ የሌላ ማድረግም ዘር ማጥፋት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአንቀጽ 2 ይህንኑ በግልጽ አስፍሯል። የቱርክ መንግሥት የ1915ቱን ድርጊት ዘር ማጥፋት ብሎ መጥራት እስከ ዛሬ አልፈቀደም። ስለ እልቂቱ ሲነገርም የሟቾች ቁጥር ይቀድማል፤ በሰው ቤት በሰው ስም ያረጁት ሴቶች ከቆጠራው ይወጣሉ። ይህ መታረም አለበት።

ኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ አንድ ጫፍ በእጇ አለ። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የዚያው እልቂት ወላጅ አልባዎች ነበሩ። የአዲስ አበባ ሰው በሙዚቃ መምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት በነፉት ጥሩምባ ያስታውሳቸዋል። ሁሉም ግን ወንዶች ናቸው፤ በእኩያ ሴት ልጆች ስም የሚነፋ ጥሩምባ አልነበረም።

የሴቶቹ ትዝታ ማጀት ውስጥ ነው የኖረው። ቼቲን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚተርኩት፣ አያታቸውና መሰሎቻቸው በፋሲካ ሰሞን እየተጠያየቁ ጣፋጭ ጉንጉን ዳቦ ያቀርቡ ነበር። ለምን እንደሆነ ለልጆቹ የነገረ አልነበረም።

አያትየው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲያርፉ የልጅ ልጃቸው በኢስታንቡሉ የአርመኖች ጋዜጣ «አጎስ» ላይ የሐዘን ማስታወቂያ አወጡ። የሰፈረው ስም ሄራኑሽ የሚለው ነበር። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻቸውም የተገኙት በዚያ ማስታወቂያ ነው።