ነፍሳት ስታበሉን ስሙን እንኳ ንገሩን!

እኛ የጣና ዳር ሰዎች ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን ስንከራከር የምንውል ሰዎች ነን። አንዱ ይፈቅዳል፣ ሌላው ያወግዛል። ሁለቱም ግን ከፊታቸው ያለው ቆሮሶ መሆኑን ያውቃሉ። የሚበላውም አውቆ ይበላል፣ የሚተወውም አውቆ ይተዋል።

ባለፈው ፍልሰታ እኔ ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት ነገር ግን ምን እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ፣ የሸጠልንም ሰው አያውቅ!

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንደ እኩዮቿ ፍልሰታን ጾማ፣ ቆርባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከቅዳሴ ስትወጣ ደስ አለችኝና መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ከረሜላ ልገዛላት ቆምኩ። «ጋሼ፣ ቀዩን!» አለች። ቀዩን ገዛሁላት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሯ አበጠ፣ አንገቷን ሽፍታ ወረሰው። በባጃጅ ይዤ በረርኩ። ሐኪሙ መርፌ ወጋትና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሻላት። ከዚያ «ምን በልታ ነው?» አለኝ። «ከረሜላ» አልኩት። «ምን ያለበት ከረሜላ?» እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። ከኪሴ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። የማናውቀው ቋንቋ፣ ከመሀሉም አንድ ቁጥር፦ «ኢ 120»። መልሶ ሰጠኝ።

ያሳበጣት ያ ቀለም ይሁን ሌላ ነገር ሐኪሙም አላረጋገጠም፣ እኔም አልምልም። የተናደድኩበት ሌላ ነው። ልጅ ታምማ ሐኪም ሲጠይቅ መልሱ በቁጥር ተቆልፎ መቀመጡ ነው!

ለመሆኑ ይህ 120 ምንድን ነው? ጠይቄ ደረስኩበት። ኮቺኒል የምትባል፣ በበለስ ቁልቋል ላይ ተጣብቃ ጭማቂውን እየመጠጠች የምትኖር ትንሽ ነፍሳት ናት። ሴቶቹ ይለቀማሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይፈጫሉ። ከነሱ የሚወጣው ቀይ ቀለም ካርሚን ይባላል። አንድ ኪሎ ደረቅ ኮቺኒል ከመቶ ሺህ በላይ ነፍሳት ይፈጃል። በብዛት የምታመርተው ፔሩ ናት። ከረሜላ፣ እንጆሪ መሰል እርጎ፣ ቋሊማ፣ ሊፕስቲክ፣ የጉንጭ ቀለም... ይገባበታል።

መርዝ ነው እያልኩ አይደለም! እውነቱን እንናገር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን እስከ 5 ሚሊግራም ቢበላ ችግር የለውም ብለዋል። አብዛኛው ሰው በልቶትም ምንም አይሆንም። ነገር ግን እነዚሁ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2000 በአንዳንድ ሰዎች ላይ አለርጂ እንደሚቀሰቅስ፣ ጠንከር ያለም ሊሆን እንደሚችል ተናግረዋል። የሚጠረጠረው በቀለሙ ውስጥ የሚቀረው የነፍሳቷ ፕሮቲን ነው። ለእነዚህ ሰዎች መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ስሙን አይቶ መተው። ስሙ ከሌለስ?

አሜሪካኖች ይህን የተረዱት ሰው ታሞባቸው፣ የሸማቾች ተሟጋቾችም እ.ኤ.አ. በ1998 አቤት ብለውባቸው ነው። ደንቡ በ2009 ወጣ፣ ከጥር 2011 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ምግብም ሆነ መዋቢያ ውስጥ ካለ «ካርሚን» ወይም «ኮቺኒል» ተብሎ በስሙ ይጻፍ! «ቀለም ተጨምሮበታል» ብሎ ማድበስበስ ቀረ። ስታርባክስ የተባለው የቡና ድርጅት በ2012 በእንጆሪ መጠጡ ውስጥ ነፍሳት መኖሩ ሲሰማ ደንበኞቹ ጮሁበት፤ ከቲማቲም ወደሚወጣ ቀለም ዞረ። ደንበኛው ስላወቀ ጮኸ፣ ስለጮኸም ተሰማ።

«እንግዲያው በኬሚካሉ ይተካ» የሚል ይኖራል። ቀስ ይበል! ቀይ ቁጥር 3 የተባለውን ሰው ሠራሽ ቀለም አሜሪካ በ1990 ከመዋቢያ አውጥታ፣ ከምግብ እንዲወጣ የወሰነችው በጥር 2025 ነው። ከሊፕስቲክ የተባረረው ቀለም ሠላሳ አምስት ዓመት በከረሜላ ውስጥ ከረመ ማለት ነው። አውሮፓውያንም ከ2010 ጀምሮ ኢ 122፣ ኢ 124ና ኢ 129ን የመሳሰሉ ቀለሞች ያሉበት ምግብ የሕፃናትን ትኩረት ሊያውክ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዝዘዋል። ስለዚህ ጠቡ ከነፍሳቷ ጋር አይደለም። ጠቡ ከመደበቅ ጋር ነው።

ይቺ ነፍሳት ለአገራችንም እንግዳ አይደለችም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ቀለሟ ዶላር ያመጣል ተብሎ ወደ ትግራይ ገባች። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ለቀማው ሲስተጓጎል ነፍሳቷ ከቁጥጥር ወጣች። በራያ አዘቦና በአካባቢው ገበሬው በክረምት ረሃብ የሚያልፍበትን፣ ከብቱንም የሚያበላበትን በለስ እያደረቀች ሄደች። ትርፉን ያሰሉት ሌሎች፣ በለሱ የደረቀበት ገበሬው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ያኔ ገበሬው ከፈለ፤ ዛሬ ቀለሟ በብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲመጣ ደግሞ በላተኛው ይክፈል?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ምግቡንም መዋቢያውንም የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አስቀምጧል። ታዲያ «ኢ 120» ለባሕር ዳር እናት በቂ መረጃ ነው? ለጾመኛው? ነፍሳት መብላት ሐላል ነው ሐራም ነው ብሎ ሼኩን መጠየቅ ለሚፈልገው ሙስሊም ጎረቤቴ? እኔ ሊቅ አይደለሁም፣ ፍርዱን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። ግን ሊቃውንቱስ ስሙን ካልሰሙ በምን ይፍረዱ?

እናቶቻችን እንሶስላ ሲሞቁ ሥሩን ራሳቸው ቀቅለው ነበር። እጃቸውን ያቀላው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። የዛሬዋ ሙሽራ ከንፈሯን ያቀላው ምን እንደሆነ አታውቅም። ይህ ነው ሥልጣኔ?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ «ከነፍሳት የተገኘ ቀለም፣ ካርሚን» ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ካርሚን ያለበት ዕቃ «የጾም» ተብሎ አይሸጥ። ሦስተኛ፣ ጤና ጣቢያዎች በምግብና በመዋቢያ ቀለም የተጠረጠረ አለርጂ ሲያዩ የሚመዘግቡበትና የሚያሳውቁበት መንገድ ይኑር። አንድ መስመር ጽሑፍ ነው! አስመጪውን አያከስርም፣ መንግሥትንም አይገለብጥም።

የእህቴ ልጅ አሁን ደህና ናት። ሱቅ ስንደርስ ግን «ጋሼ፣ ይኼ ምን አለበት?» ትለኛለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የምትጠይቀውን ባለሥልጣኑ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅልን? የሚቀጥለው ልጅ እንደ እሷ ላይተርፍ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል!