«ዌጅ» እና «ዌይቭ»፦ ያላነበብነውን ለምን እንፈርማለን?

እህቶቼ፣ «ቋንቋ ሳትማሪ መጥተሽ ማንን ትከሻለሽ?» ሲባል ስንቴ ሰማን? መክተብ ይለናል። ይባስ ብሎ የራሳችን ሰውም ይለናል። እኔ ይሄን አባባል አልቀበልም።

ቤይሩት በኮንትራት የሠራሁበት ቤት የስድስት ወር ደሞዝ ያዙብኝ። በጠየቅሁ ቁጥር መልሱ «ጠብቂ» ነው። ሌላ ቤት ልዛወር ስል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አቀረቡልኝ፤ ካልፈረምሽ አንለቅሽም አሉ። ፓስፖርቴ በእጃቸው ነው። ከእንግሊዝኛው «ዌጅ» ደሞዝ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ወረቀቱ ላይም አየሁት። እዚያው መስመር ላይ እንደሱ በደብሊውና በኤ የሚጀምር ሌላ ቃል አለ። የዚያው የደሞዙ ነገር መሰለኝና ፈረምኩ።

ቃሉ «ዌይቭ» ነበር። መብቴን ትቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልጠይቅም ማለት ነው።

በኋላ መዝገበ ቃላት ገዝቼ ፈለግሁት። መጀመሪያ «ዌጅ»፣ ደሞዝ። ዝቅ ሲል «ዌይል»፣ የኛው ዋይታ። ቀጥሎ «ዌይት»፣ መጠበቅ። ከዚያ «ዌይቭ»፣ መተው። የኔው ታሪክ በተራ ተደርድሮ አገኘሁት። ሌላም አለ፦ «ኢምፕሎዪ» ሠራተኛዋ፣ «ኢምፕሎየር» አሠሪው። ልዩነታቸው የመጨረሻዋ አንድ ፊደል ናት። ትኬት የሚከፍለው ማን እንደሆነ በዚያች ፊደል ይወሰናል።

«ታዲያ አትማሩም?» ይሉናል። መማሩ ጥሩ ነው፣ ማን ጠላ! ግን ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ የምትሠራ፣ እረፍት የሌላት፣ ስልኳን የተነጠቀች ልጅ መቼ ትማር? ደግሞስ የማስረዳት ግዴታው የማን ነው? በ2011 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 189ኛው ስምምነት፣ አንቀጽ 7፣ የቤት ሠራተኛ የሥራ ውሏን በቀላሉ በሚገባት መንገድ ማወቅ አለባት ይላል። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ግን ከ1946 ጀምሮ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አውጥቷታል። ሁለቱም አንቀጽ 7 ነው፤ አንዱ ያስገባናል፣ አንዱ ያስወጣናል። ሕጉ በር ዘግቶብን ሲያበቃ ጥፋቱ የኛ መሃይምነት ነው ይባላል እንዴ?

እኛም ራሳችንን እንውቀስ። መክተብ ውስጥ የምታስተረጉሚ እህቴ፣ «ምንም አይደል፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ» አትበይ። ካልገባሽ አልገባኝም በይ። ያቺ ልጅ አንቺን አምና ነው የምትፈርመው።

ማኅበራችንም ውል በአማርኛ ይቅረብልን ብሎ ይጠይቅ፣ ይጩህ። እስከዚያው ወረቀት ሲሰጡሽ ከቻልሽ ፎቶ አንሺና ለምታምኛት ላኪ። አስገድደው ካስፈረሙሽ ከፊርማሽ ሥር በአማርኛ «አላነበብኩትም፣ ደሞዜን አልተቀበልኩም» ብለሽ ቀኑን ጻፊ። ቢያንስ ቃልሽ ከፊርማሽ ጎን ይቀመጣል።

እኔ ደሞዜን የተውኩት ፈቅጄ አይደለም። ዛሬም እጠይቃለሁ።