ውኃ መጠጣት የሚፈሩ ሴቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ አውቀው ውኃ የማይጠጡ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሳይጠማቸው ቀርቶ አይደለም፤ ቢጠጡ የሚሸኑበት ቦታ ስለሌላቸው ነው። ጎዳና ዳር ሸራ ዘርግተው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡት፣ መንገድ የሚጠርጉት፣ የጀበና ቡና የሚያፈሉት ይህን ያውቁታል። ወንዱ አጥር ተጠግቶ ይገላገላል። ነውር ነው እያልን እንኳ ለምደነዋል። ሴቷ ግን እስኪመሽ ትቋጥራለች።

ሰፈራችን ጉልት ላይ አትክልት የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ናቸው፣ አጠገባቸው ግን የውኃ ላስቲክ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ከሱቅ ውኃ ገዝቼ ስሰጣቸው አመስግነው ከጎናቸው አስቀመጡት። «ጠጡት እንጂ እትዬ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ከጠጣሁ በኋላ ዕቃዬን ለማን ጥዬ ልሂድ? ብሄድስ የት?» አሉኝ። ፊት ለፊታቸው ያለው ካፌ የሽንት ቤቱ በር ላይ «ለተጠቃሚ ብቻ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። እዚያ ገብተው ቡና ቢያዙ የሁለት ኪሎ ቲማቲም ትርፋቸው ሄደ ማለት ነው።

እኚህ እናት ባለፈው ክረምት ታመሙ። መጀመሪያ ሽንታቸውን አቃጠላቸው። ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል፣ ሲቀመጡ ግን ጠብታ ነው። ሽንቱ ደፈረሰ፣ ሽታውም ተለወጠ፣ እምብርታቸው ሥር ይከብዳቸው ጀመር። «ድንጋይ ላይ ስውል ብርድ መታኝ» ብለው ወገባቸውን በጋቢ ጠፍረው ተልባ ጠጡ። ለጥቂት ቀን እንዲህ ከቆዩ በኋላ ልጃቸው መድኃኒት ቤት ሄዳ አራት ፍሬ ሲፕሮ አመጣችላቸው። ሁለቱን ውጠው ሻል ሲላቸው የቀረውን ለሌላ ጊዜ ብለው ቋጠሩት። ሳምንት ሳይሞላ ቀኝ ጎናቸውን ከጎድን አጥንታቸው በታች ወጥሮ ያዛቸው፤ ትኩሳቱ ወጣ፤ ጥርሳቸው እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጡ፤ የቀመሱት ሁሉ ይመለሳል። ሐኪም ቤት ሲደርሱ የሽንት ኢንፌክሽኑ ኩላሊታቸው ገብቶ ነበር። ተኝተው በደም ሥር መድኃኒት ወስደው ዳኑ።

ብርድ ሽንትን አያቃጥልም። የሚያቃጥለው ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ኢ. ኮላይ የሚባለው። አንጀታችን ውስጥ ሲኖር ችግር የለበትም፤ ቦታውን ለቆ ወደ ሽንት ማስወጫው ሲሻገር ነው በሽታ የሚሆነው። ሴቶች በዚህ በሽታ የሚጠቁበት ዋናው ምክንያት የተፈጥሮ አቀማመጥ ነው። ከሽንት ፊኛ ወደ ውጭ የሚወስደው ቱቦ በሴት 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በወንድ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሴቷ ለፊንጢጣም ቅርብ ነው። ስለዚህ ከሁለት ሴቶች አንዷ በዕድሜዋ ቢያንስ አንድ ጊዜ ትያዛለች። ከግንኙነት በኋላ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት እንጂ የብልግና ምልክት አይደለም። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው በሐፍረት ለባሏ እንኳ ሳትናገር ኩላሊቷ እስኪታመም የምትደብቅ ሴት ስላለች ነው።

ሰውነት ለዚህ የሰጠው መከላከያ ሽንት ራሱ ነው። ሽንት በፈሰሰ ቁጥር ወደ ላይ ሊወጣ የሚሞክረውን ባክቴሪያ ጠራርጎ ያወጣዋል። መቋጠር ብቻውን ባክቴሪያ አይፈጥርም፤ ውኃ ሳይጠጡ ቀኑን ሙሉ መቋጠር ግን የገባው ባክቴሪያ ሳይታጠብ እንዲራባ ጊዜ ይሰጠዋል። በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ አንድ ጥናት ይህንን በደንብ አሳይቷል። ኢንፌክሽኑ የሚመላለስባቸውና በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በታች ፈሳሽ የሚጠጡ 140 ሴቶች ለአንድ ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ግማሾቹ በየቀኑ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ እንዲጨምሩ ሲደረግ፣ የመታመማቸው ቁጥር ካልጨመሩት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ወረደ። ውኃ ብቻ! ቢራ ኩላሊት ያጥባል የሚለው ወሬ ግን ይቅር፤ አልኮል ሽንት ያበዛል፣ ሰውነትን ያደርቃል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም።

ፊኛ ላይ ያለው ኢንፌክሽን ያስጨንቃል እንጂ ብዙ ጊዜ ሰውን አልጋ ላይ አይጥልም። ወደ ኩላሊት ሲወጣ ነው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ውጋትና ማስመለስ የሚደራረቡት። እኛ አገር ደግሞ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ሲመጣ ቶሎ አፋችን ላይ የሚገባው ወባ ወይም ታይፎይድ ነው። የታይፎይድ መርፌ ስትወጋ የሰነበተች ሴት «ሽንትሽን ያቃጥልሽ ነበር ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው ላይኖር ይችላል። ባትጠየቅም ትናገር። ኩላሊት ላይ የቆየ ኢንፌክሽን ወደ ደም ገብቶ ሊገድል ይችላል። በሌላ በኩል ወገቡን ያመመው ሁሉ ኩላሊቱን አሞታል ማለት አይደለም፤ ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚብስ፣ ትኩሳትም የሽንት ምልክትም የሌለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ2 እስከ 10 የሚሆኑት ምንም ሳይሰማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል። ሌላ ሴት ላይ ቢሆን ብዙ ጊዜ ሳይታከም ቢቀርም ጉዳት የለውም። በእርግዝና ግን የሽንት ቱቦዎቹ በሆርሞን ይላላሉ፣ ማህፀኑም እያደገ ይጫናቸዋል፤ ሽንት ይተኛል። ካልታከሙት መካከል ከአራት አንዷ ያህል ኩላሊቷ ይመታል። ምጥ ያለጊዜው የሚመጣበት፣ ሕፃኑ ክብደቱ ዝቅ ብሎ የሚወለድበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ስለዚህ የእርግዝና ክትትል ላይ የሽንት ምርመራ ሳይታዘዝ ቢቀር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የሚቻልበት ቦታ ከሆነም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየውን የካልቸር ምርመራ። ናሙና ሲሰጥ የመጀመሪያውን ለቀቅ አድርጎ የመሀሉን መቀበል ያስፈልጋል፤ ብዙ ቦታ ኩባያውን ሰጥተው «እዚያ ነው» ብለው ከማመልከት ውጭ ይህን የሚነግር የለም።

ኢንፌክሽኑ እየተመላለሰ የሚያስቸግራቸው ሌሎችም አሉ። ስኳር ያለባቸው፣ ጠጠር ያለባቸው፣ ካቴተር የገባላቸው፣ ፕሮስቴታቸው አብጦ ፊኛቸውን አሟጠው መሽናት ያቃታቸው አባቶች። ትንሽ ሕፃን ላይ ምልክቱ ትኩሳት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ትኩሳት ሳይኖረው ድንገት ሊቃዥ ይችላል።

ወደ አራቱ ፍሬ ሲፕሮ ልመለስ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) እና መሰሎቹ ጅማት እስከ መበጠስ የሚያደርስ ጉዳት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ሌላ አማራጭ እያለ ለቀላል የሽንት ኢንፌክሽን እንዳይታዘዙ አስጠንቅቋል። እኛ ጋ ግን ከመድኃኒት ቤት መስኮት በስሙ ተጠርቶ፣ በፍሬ ተቆጥሮ ይሸጣል። ሕጉ ግን ያለ ማዘዣ አይሸጥም ይላል። ሁለት ፍሬ ውጦ ማቆም ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ብርቱውን ያስተርፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው መድኃኒት ላይሠራ ይችላል። የመድኃኒቱ ምርጫ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ያለበትን ቦታ ማወቅ ይጠይቃል። ለፊኛ ጥሩ የሆነው ናይትሮፉራንቶይን ኩላሊት ውስጥ በበቂ መጠን ስለማይደርስ ኩላሊቷን ለታመመች ሴት አይሆንም። ይህን መስኮት ላይ ቆሞ ማን ይለየዋል? የመድኃኒት ቤት ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ግን ይከብደኛል። ለካርድ ተሰልፎ፣ ለላቦራቶሪ ከፍሎ፣ የቀን ገቢውን አጥቶ ከመመርመር አራት ፍሬ መግዛት ለድሃ ይቀላል።

እናም «ውኃ ጠጡ» የሚለው ምክር ብቻውን ጎዳና ላይ ለምትውል ሴት ምንም አይጠቅማትም። በአዳዲሶቹ የኮሪደር መንገዶች ዳር የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች መሠራታቸውን አይቻለሁ፤ ደስ ብሎኛልም። ነገር ግን ጉልቱ ያለው ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ወረዳ ለገበያ ቦታ ሲሸነሽን ውኃ ያለው፣ በሩ የሚቆለፍ የሴቶች ሽንት ቤት እዚያው ይሥራ፤ ቁልፉንም ለሻጮቹ ማኅበር ይስጥ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር «ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ» ብሎ ሜዳ ላይ ከሚያቆም ሽንት ቤት ያለው ማደያ ይምረጥ። የፋብሪካ አለቃ ደግሞ ሽንት ቤት የሄደችን ሠራተኛ በሰዓት መቁጠሩን ዛሬውኑ ያቁም። ካፌ ያላችሁም በራችሁ ላይ የለጠፋችሁትን ወረቀት ለጎረቤታችሁ ጉልት ሻጭ ስትሉ አንሱት።