ለማሩ የታሰበውን ያህል ለጠጅ መጣያውም ይታሰብ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ በመስፋት ከሚተዳደሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። በአካባቢው ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። በዓል ሲቃረብ ከወላጅ ቤት ማርና ጌሾ የሚላክላቸው አሉ። ጋን ግን አይላክም፤ ቢላክም ማስቀመጫ ቦታ የለም። ስለዚህ ጠጁ ከገበያ በተገዛ አሮጌ ጀሪካን ይጣላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ጀሪካን ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ገዢው አያውቅም። ፀረ አረም፣ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል ከነበረበት ፕላስቲኩ ይመጥጠዋል፤ በሳሙናና በፍል ውኃ ቢታጠብም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ጠጅ ደግሞ አሲድና አልኮል ስላለው ለሳምንታት ሲቆይ የተረፈውን ወደ ራሱ ሊስብ ይችላል። ዚንክ የተቀባ የቆርቆሮ ባልዲና በርሜልም አይሆንም፤ አሲዱ ዚንኩን ስለሚያሟሟው ጠጪውን ሊያስታውከው ይችላል።

ታዲያ ምን ይመረጥ? በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ ጋን ካለ መልካም ነው። ከሌለ ለምግብ ተብሎ የተሠራ አዲስ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ይበቃል። ብርዙ ሲፈላ አረፋ ስለሚያነሣ ዕቃው እስከ አፉ አይሞላ። ክዳኑም ጥርቅም አይበል፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ዕቃው ሊፈነዳ ይችላል። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ማሰር በቂ ነው። የእንጨት ማማሰያና ማጥለያ ጨርቅ ከተጨመሩ ሌላ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

አዲስ ዕቃ ውድ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን በአንድ እጅ ማር አራት እጅ ውኃ የሚበርዝ ሰው ለ15 ሊትር ብርዝ 3 ሊትር ማር ያወጣል፤ ይህም ከ4 ኪሎ ይበልጣል። ያንን ያህል ማር በጥቂት ብር ቁጠባ ለአደጋ ማጋለጥ ኪሳራ እንጂ ቁጠባ አይባልም።

ጉዳዩ የከተሜው ብቻ አይደለም። የፀረ አረሙ ባዶ ጀሪካን መነሻው የአርሶ አደሩ ማሳ ነው። ባዶውን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን ወደ መርጫው መመለስ፣ ከዚያም ጀሪካኑን መብሳት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በተበሳ ጀሪካን ጠጅ አይጣልም፣ ማርም አይጫንም።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ቆይቷል። የቀረው መሬት ላይ የሚሠራው ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ኬሚካል ሲያሰራጩ ባዶ ዕቃው የሚመለስበትንም መንገድ ሊያዘጋጁ ይገባል። የንግድ ጽሕፈት ቤቶችም በገበያ ቀን የኬሚካል ጀሪካን ለምግብ ዕቃነት እንዳይሸጥ ይቆጣጠሩ። ዘመናዊ ቀፎ ለማስፋፋት የሚደክሙት የልማት ሠራተኞች ስለ ዕቃው ሁለት ቃል ቢጨምሩ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ከቀፎ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ማር በመያዣው ከተበከለ የአርሶ አደሩም የንቧም ልፋት ከንቱ ይቀራል።