የሳምንቱ መዝጊያ ግማሽ ሰዓት

ሥራ የሚለካው በተደከመበት ሰዓት ብዛት ሳይሆን በተገኘው ውጤት ነው። ጉልበት በምን ላይ እንደዋለ በየጊዜው ካልተመረመረ ሠራተኛው ላቡን እያፈሰሰ የትናንቱን ስሕተት ዛሬም ይደግማል። ከዚህ አኳያ ሲታይ በየሳምንቱ መጨረሻ ግማሽ ሰዓት ወስዶ የተሠራውንና ያልተሠራውን መመርመር የቢሮ ሰዎች ልማድ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በእርከን ሥራ ላይ ለተሰማራው ገበሬ፣ ለሆቴል ሠራተኛው፣ ለውሃ ኮሚቴውና ለእድሩ አባል እኩል የሚያገለግል የሥራ መሣሪያ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከላስታ መውጣት አያስፈልግም። 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ግንበኛ ድንጋዩ ቢጣመምበት አንሥቶ ያስተካክለዋል፤ ከላይ ወደ ታች የሚፈለፍል ባለሙያ ግን አንዴ ጠርቦ የጣለውን መልሶ ሊተክል አይችልም። በቤተ ጊዮርጊስ ጣራው መጀመሪያ፣ መሠረቱ መጨረሻ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ወደሚቀጥለው ደረጃ ከመውረድ በፊት ቆም ብሎ መለካትን ግድ ይላል። ለክተው ያልወረዱ እጆች ያንን መስቀል ከአለት ባላወጡም ነበር።

የዛሬው የላስታ ሠራተኛ ዋነኛ ፈተና ደግሞ ተዳፋቱ መሬት ነው። አዝመራ ተሰብስቦ ሲያበቃ በበጋው ወራት ሕዝቡ በተፋሰስ ልማት ወጥቶ እርከን ይሠራል። ዘመቻው ሲያልቅ የተሠራው በሄክታር ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረጋል። ነገር ግን እርከን የሚፈተነው ሪፖርቱ በተጻፈበት ቀን ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው። የላይኛው እርከን በአንድ ክንድ ስፋት ሲሸረሸር ጎርፉ በዚያች ቀዳዳ ተሰብስቦ የታችኛውን ይንዳል፤ ከዚያም የሚቀጥለውን። የመጀመሪያዋን ቀዳዳ በሳምንቷ ያየ ቡድን በጥቂት ድንጋይና በአንድ ሰዓት ሥራ ይደፍናታል። እስከ መስከረም የቆየ ግን የአንድ በጋ ድካሙን ከነአፈሩ ወደ ተከዜ ይሸኛል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

በከተማውም ሁኔታው ከዚህ የተለየ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ የጎብኚ እግር ሲቋረጥ በእንግዳ መስተንግዶ የሚተዳደረው ነዋሪ ገቢውን አጥቷል። የሳምንት ግምገማ ሰላምን አያመጣም፤ እንግዳንም አይጠራም። ሆኖም ጥቂት እንግዳ የሚቀበል ቤት የተበላሸ ቧንቧን ወይም የተጓደለ መስተንግዶን ለወራት ችላ የማለት አቅም የለውም። ጥቂት ያለው ሰው ጥቂቱን የማባከን መብት የለውምና።

ይህ አሠራር በሌላው ዓለምም የተፈተነ ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸው በትንንሽ ቡድን ተሰባስበው የገዛ ሥራቸውን ችግር እንዲመረምሩ በማድረጋቸው ብክነትን ቀንሰዋል። አገራችንም ይህንኑ ካይዘን የተባለ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ድረስ በ30 ድርጅቶች ከሞከረች በኋላ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት አቋቁማለች። የዘዴው ፍሬ ነገር ችግሩን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው በሥራው ላይ የቆመው ሰው ነው የሚል ነው።

«እኛ ግምገማ አልጎደለብንም፤ የበዛብን እሱ ነው» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር፤ ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ግምገማ የየመሥሪያ ቤቱ የዕለት ቋንቋ ሆኗል። ብዙ ጊዜ ግን ስብሰባው ከሥራው ይልቅ ሠራተኛውን መመርመር ጀመረ። ሰው ስሕተቱን ቢናገር እንደሚከሰስበት ባወቀ ጊዜ ዝም አለ፤ ጉድለቱም አብሮ ተደበቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በመሆኑም የሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ወደ ችሎትነት በተለወጠበት ቀን ጥቅሙ ያበቃል።

ከዚህ በመነሣት አሠራሩ አጭርና ግልጽ መሆን ይገባዋል። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው፤ እሑድ የቤተ ክርስቲያንና የሰንበቴ ቀን ነው። ስለዚህ የተሻለው ጊዜ የዓርብ ማምሻ ነው። ከአሥር ያልበለጡ የአንድ ሥራ ባልደረቦች ተሰብስበው አራት ጥያቄዎችን ያንሡ፦ በዚህ ሳምንት ምን ልንሠራ አቅደን ነበር? ምኑ ተፈጸመ? ያልተፈጸመውን ምን አገደው? በሚመጣው ሳምንት ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ይሠራል? መልሱ በአንድ ደብተር በአንድ ገጽ ይጻፍ። መጻፍ የማይችል አባል ቢኖር የተጻፈው ይነበብለት፤ በዝናብ ማግስት ማሳውን ዞሮ ያየው እሱ ሊሆን ይችላልና። የሚቀጥለው ዓርብ ስብሰባ የሚከፈተው ያለፈውን ገጽ በማንበብ ይሁን። ይህ ካልሆነ ጉባኤው የወግ መሰብሰቢያ ሆኖ ይቀራል።

ሊሰመርበት የሚገባው ሌላው ነጥብ የኃላፊዎች ድርሻ ነው። ሠራተኛው ለሦስት ሳምንታት በተከታታይ «አካፋ የለንም» ብሎ ካስጻፈና አካፋው ካልመጣ፣ በአራተኛው ሳምንት ጉድለቱን ማስጻፉን ይተዋል። ስለሆነም ከቡድኑ አቅም በላይ የሆነው ነገር ተለይቶ ለሚመለከተው ክፍል ሲቀርብ፣ ክፍሉ መልሱን እስከሚቀጥለው ዓርብ የመስጠት ግዴታ አለበት። መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ከዝምታ ይሻላል፤ ቡድኑ ሌላ መላ ይፈልግበታልና።

እንግዲህ የቀበሌ ነዋሪዎች፣ የማኅበራት አባላትና ሠራተኞች ይህን ልማድ ለመጀመር ከበላይ መመሪያ መጠበቅ አይኖርባቸውም። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ ግማሽ ሰዓትና እውነትን ያለ ፍርሃት የመናገር ድፍረት ነው። ክረምቱ ቀጠሮውን አያዛባም። ከመግባቱ በፊት የትኛው እርከን እንደላላ፣ የትኛው ቦይ እንደተደፈነ የሚያውቅ ቡድን በጥቅምት አፈሩን በማሳው ላይ ያገኘዋል።