ከኤር ፍራየሩ በፊት ቴርሞሜትሩን ግዙ



ታንክስጊቪንግ ሲቃረብ በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ እኛ አራት ሰው ነን፤ ሙሉ ተርኪ አይበላልንም። አጥንት የሌለውን ገዝተን በኤር ፍራየር ብንሠራው ለጤና ይሻላል?»

አጭሩ መልሴ «አዎ፣ ጥሩ ምርጫ ነው» የሚል ነው። ነገር ግን ለጤናችሁ የሚጠቅመውን ነገር ከማሽኑ አትጠብቁ። ለኤር ፍራየር ብዙ ዶላር አውጥቶ ከ20 ዶላር በታች የሚገኘውን የምግብ ቴርሞሜትር አለመግዛት፣ በኔ እምነት ቅደም ተከተሉን መሳት ነው። ምክንያቴን ላስረዳችሁ።

ኤር ፍራየር አስማት የለውም

ስሙ «ፍራየር» ይባል እንጂ ምንም ነገር አይጠብስም። የሚሞቅ ሽቦና ኃይለኛ ማራገቢያ ያለው ትንሽ ኦቨን ነው። ትኩስ አየር በምግቡ ዙሪያ በፍጥነት ስለሚሽከረከር ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ይንኮሻኮሻል። ጥቅሙ በዘይት ተዘፍቆ ከሚጠበስ ምግብ ጋር ስናወዳድረው ነው፤ ዘይቱ በጣም ይቀንሳል። ከተራ ኦቨን ጋር ስናወዳድረው ግን ልዩነቱ የጊዜና የምቾት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ኤር ፍራየር የሌላችሁ ቤተሰቦች የቀረባችሁ የጤና ጥቅም የለም።

ቆዳው የተገፈፈ የተርኪ የደረት ሥጋ ራሱ ስብ የሌለው ነው ማለት ይቻላል። 85 ግራም ያህሉ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ስኳር ላለበት፣ ኮሌስትሮል ለሚከታተል፣ ክብደት ለሚቀንስ ሰው ጥሩ ሥጋ ነው። በዚህ ምግብ ላይ እኔን የሚያሳስቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ጨውና ያልበሰለ መሐል።

ጨውን ከመግዛታችሁ በፊት ፈልጉ

አጥንት የሌለው ተርኪ ብዙ ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ የጨው ውሃ ተወግቶ ነው ለገበያ የሚቀርበው። ይህ በማሸጊያው ላይ በትንሽ ጽሑፍ ይገለጻል። ስለዚህ «ሶዲየም» የሚለውን መስመር አንብቡ፤ ሁለት ማሸጊያዎችን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ዝቅተኛውን ምረጡ። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት ለአዋቂ ሰው የቀኑ ጣሪያ 2,300 ሚሊግራም ሶዲየም ነው፤ ይህም ወደ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ማለት ነው። ደም ግፊት፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም።

አብሮ የሚመጣው የግሬቪ ከረጢትም ሌላ የጨው ምንጭ ነው። እኛ ደግሞ በላዩ በርበሬና ሚጥሚጣ እንጨምራለን፤ ብዙዎቹ ሲዘጋጁ ጨው አብሮ ተወቅጦባቸዋል። ምክሬ ይህ ነው፦ ሥጋው አስቀድሞ ጨው የገባበት ከሆነ እናንተ ምንም ጨው አትጨምሩ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሮዝመሪ፣ ቁንዶ በርበሬና ትንሽ ዘይት ይበቁታል። በርበሬ ከወደዳችሁ በዘይት ለውሳችሁ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ቀቡት፤ ከመጀመሪያው ከተቀባ ያርርና ይመራል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ጨው የገባበትን ሥጋ አትስጡ።

ስለ ማጠብ፦ እናቶቼ እንዳትቆጡኝ

ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የሙያ መለኪያ በሆነበት ቤት ነው ያደግነው። ይህን ልማድ አከብራለሁ። በአገራችን ዶሮው እቤት ታርዶ፣ ላባው ተነጭቶ፣ ብልቱ ሲወጣ መታጠቡ ግድ ነበር። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ተርኪ ግን ተጠርጎ የመጣ ነው። በላዩ የቀረው በዓይን የማይታይ ነው፤ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ይችላሉ። እነዚህን ሎሚ አያጠፋቸውም፤ የሚያጠፋቸው ሙቀት ነው። በቧንቧ ውሃ ስታጥቡት ደግሞ ፍንጣቂው ወደ ሲንኩ፣ ወደ ሰላጣው፣ ወደ ሕፃኑ ጡጦ ይረጫል። ለዚህ ነው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት «ጥሬ ዶሮና ተርኪ አትጠቡ» የሚለው።

«ዶክተር፣ ሳላጥበው እጄ አይሄድልኝም» ለምትሉ፦ ሲንኩ አጠገብ ምንም ምግብና ዕቃ እንዳይኖር አድርጉ፤ ውሃውን በቀስታ ልቀቁት፤ ሲያልቅ ሲንኩን በሳሙና አጥባችሁ በማጽጃ ኬሚካል አምክኑት። እጃችሁን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ታጠቡ። ጥሬ ሥጋ በነካ እጅ ለልጅ ጉርሻ አይሰጥም!

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1. ማቅለጥ፦ የበረደውን ተርኪ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩ። ላዩ ሲሞቅ ባክቴሪያ ይራባል፣ መሐሉ ገና በረዶ ነው። በፍሪጅ ውስጥ ለ4–5 ፓውንድ 24 ሰዓት ይበቃል። በዓሉ ሐሙስ ስለሆነ ማክሰኞ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አውርዱት። ከረሳችሁ እንደታሸገ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ውሃውን በየ30 ደቂቃው ቀይሩ፤ ለ1 ፓውንድ 30 ደቂቃ አስቡ፤ እንደቀለጠ ወዲያው አብስሉት።

2. መጠን፦ ከ2 እስከ 3 ፓውንድ የሚመዝን ይበቃል። በሥጋውና በቅርጫቱ ግድግዳ መካከል አየር የሚዞርበት ክፍተት ይኑር። ታፍኖ የገባ ሥጋ እኩል አይበስልም።

3. ማዘጋጀት፦ የላስቲክ ማሸጊያውንና የግሬቪ ከረጢቱን አውጡ። ሥጋውን የጠቀለለው የክር መረብ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ያለውን መመሪያ ተከተሉ፤ ብዙውን ጊዜ ቅርጹን ይዞ እንዲበስል ይተውና ከበሰለ በኋላ ይወጣል። ላዩን አድርቃችሁ ዘይትና ቅመም ቀቡት።

4. ማብሰል፦ 350°ፋ (ወደ 175°ሴ) ላይ አድርጉ። እኩሌታው ላይ ገልብጡት። ለ3 ፓውንድ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ነገር ግን ማሽኖች ስለሚለያዩ ከ45ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ ለኩ።

5. መለካት፦ የቴርሞሜትሩን ጫፍ በጣም ወፍራም ወደሆነው ቦታ፣ እስከ መሐሉ አስገቡት። ሁለት ሦስት ቦታ ለኩ። ሁሉም 165°ፋ (74°ሴ) ካልደረሱ አልበሰለም፤ መልሱት። በየልኬቱ መካከል ጫፉን በሳሙና እጠቡ።

6. ማሳረፍ፦ ከወጣ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይቆረጥ ይቀመጥ። ጭማቂው ሥጋው ውስጥ ይቀራል፣ አይደርቅም።

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ማሽኑን ከጠረጴዛው ጫፍ አርቁት፤ ገመዱም አይንጠልጠል። የጋለው ቅርጫት ሲወጣ ልጅ አጠገባችሁ አይቁም።

«እናቴ ያለ ቴርሞሜትር ነው ያሳደገችኝ»

ይህን መከራከሪያ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ እውነትም አለው። ግን የእናታችሁን ዶሮ ወጥ አስቡት። ዶሮው በ12 ብልት ተከፋፍሎ፣ በሚፈላ ቁሌት ውስጥ ተዘፍቆ፣ ረጅም ጊዜ ይንተከተካል። ሙቀት የማይደርስበት ቦታ የለም። ወፍራም ጥቅል ሥጋ በደረቅ ትኩስ አየር ሲበስል ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ላዩ ቀድሞ ያምርና መሐሉ ወደኋላ ይቀራል። ከዚህም በላይ አጥንት የሌለው ተርኪ ሲጠቀለል ከውጭ የነበረው ገጽ ወደ ውስጥ ይገባል። ባክቴሪያውም አብሮ ገብቶ፣ ሙቀቱ በመጨረሻ የሚደርስበት መሐሉ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

በቀለም መፍረድም አያዋጣም። 165°ፋ የደረሰ ተርኪ ሮዝ ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ ነጭ የመሰለው ደግሞ ያልበሰለ ሊሆን ይችላል። «ጭማቂው ጥርት ካለ በስሏል» የሚለውም አስተማማኝ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ታንክስጊቪንግ ብዙውን ጊዜ በጾም ውስጥ ይውላል። ስለዚህ በብዙ ቤት ተርኪውን የምትሠራው እናት ራሷ ጿሚ ናት፤ ለልጆቿና ለእንግዳ ነው የምታበስለው። ሳትቀምስ ነው የምታቀርበው። ቀምሳ ቢሆንም ምላስ ባክቴሪያን አይለይም። እሷን ከጭንቀት የሚገላግላት ይኸው ትንሽ መለኪያ ነው።

ከማዕድ በኋላ ያለው አደጋ

የእኛ ቤት ድግስ በአንድ ሰዓት አያልቅም። ቡናው ይፈላል፣ ዘግይቶ የሚመጣ እንግዳ አለ፣ ምግቡ ጠረጴዛው ላይ ይውላል። በደንብ የበሰለ ሥጋም ቢሆን ለብ ብሎ ሲቆይ አደገኛ ይሆናል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ ማብሰልን ይቋቋማል፤ ሥጋው ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ነቅቶ ይራባል። በአሜሪካ በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ከበዓል ሥጋ ጋር ተያይዞ በብዛት የሚከሰተው የምግብ መመረዝ አንዱ መንስኤው እሱ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ። ቆራርጣችሁ ጥልቀት በሌለው ዕቃ አድርጉት፣ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ። «ትኩስ ምግብ ፍሪጅ ያበላሻል» ብላችሁ ውጭ አታሳድሩት። በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ጨርሱት፤ ካልሆነ በጊዜ ወደ ፍሪዘር አስገቡት። ስታሞቁትም እንደገና 165°ፋ ይድረስ።

ከታመሙስ?

ሳልሞኔላ ከተበላ በ6 ሰዓት እና በ6 ቀን መካከል በተቅማጥ፣ በትኩሳትና በሆድ ቁርጠት ይጀምራል። ጤነኛ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ፣ ለነፍሰ ጡሮችና የመከላከል አቅማቸው ለደከመ (ለምሳሌ የካንሰር ሕክምና ለሚወስዱ) ግን ሊከብድ ይችላል። ልጆቻችሁን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡትን አያት አትርሷቸው።

እነዚህን ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ፦
✔ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ
✔ ከ102°ፋ (38.9°ሴ) በላይ ትኩሳት ከተቅማጥ ጋር
✔ 3 ቀን አልፎት ያልተሻለ ተቅማጥ
✔ ፈሳሽ እንኳ የማያስቀር ትውከት
✔ የአፍ መድረቅ፣ እንባ የሌለው ለቅሶ፣ የሽንት መቀነስ፣ መፍዘዝ
✔ ከ3 ወር በታች በሆነ ሕፃን ላይ 100.4°ፋ (38°ሴ) እና ከዚያ በላይ ትኩሳት (ለዚህ ሌላ ምልክት አትጠብቁ!)

እስከዚያው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ አር ኤስ) በትንሽ በትንሹ አጠጡ፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን መጥባቱን ይቀጥል። ከአገር ቤት የመጣ አንቲባዮቲክ ከመሳቢያ አውጥታችሁ አትስጡ፤ የተቅማጥ ማቆሚያ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ አይሰጥም።

ለማጠቃለል፦ ኤር ፍራየር ካላችሁ በደስታ ተጠቀሙበት፤ ከሌላችሁ ለጤና ብላችሁ ለመግዛት አትቸኩሉ። ጨውን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ፣ 165ን አትርሱ፣ የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ አንሱ። ለዚህ በዓል ለአንዲት እናት ስጦታ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ቴርሞሜትር ውሰዱላት። መጀመሪያ ትስቅባችሁ ይሆናል፤ ዶሮውንም፣ ጥብሱንም፣ የልጆቹን ምሳም ስትለካበት ግን ታመሰግናችኋለች።

ይህን ጽሑፍ ተርኪ ለሚሠራ ወዳጃችሁ አድርሱት። መልካም በዓል፣ ጤናችሁ ይብዛ!