በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም



ኮሮና በተስፋፋበት በ2020 ዓመት ማታ ማታ በቴሌቪዥን ስንት ሰው እንደተያዘና ስንት ሰው እንደሞተ ይነገረን ነበር። ቤቱ ተዘግቶበት እንቅልፍ ያጣው፣ ምግብ ያስጠላው፣ መናገር የከበደው ወገን ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ አልነበረም። የዓለም የጤና ድርጅት በመጋቢት 2022 ባወጣው መግለጫ፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ድብርትና ጭንቀት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመሩን፣ ይበልጥ የተጎዱትም ሴቶችና ወጣቶች መሆናቸውን አስታውቋል። ወረርሽኙ ቢያልፍም በየቤቱ የተወው ሐዘን አላለፈምና በግልጽ እንነጋገርበት እንላለን።

ድብርት ይበልጥ የሚያጠቃው ማንን ነው? ቀድሞ ይህ ሕመም የነበረበትን፣ ብቻውን የሚኖረውን፣ ሥራና ገቢ ያጣውን፣ በጠባብ ቤት ከብዙ ሰው ጋር የተዘጋበትን፣ ዘመዱን በሞት የተነጠቀውን፣ ቀኑን ሙሉ አስፈሪ ወሬ ሲሰማ የሚውለውን ነው። እነዚህ ሁሉ በየቤታችን ነበሩ። በጽዳትና በምግብ ቤት ሥራ የሚተዳደሩ እናቶች «ሐላት» ተብለው ያለ ደመወዝ ቤት ዋሉ። ዕብራይስጥ የማያነቡ ሽማግሌዎች በየጊዜው የሚለዋወጠውን መመሪያ ከልጅ ልጆቻቸው አፍ ይጠብቁ ነበር።

ከድብርት የሚጠብቀውስ ምንድን ነው? የሚጠይቅ ዘመድና ጎረቤት፣ የታወቀ የእንቅልፍና የሥራ ሰዓት፣ በእግር መንቀሳቀስ፣ ለኑሮ የሚበቃ ገቢ፣ ጸሎትና ማኅበር ነው። እኛ ከጥንት ጀምሮ የምንተማመነው ሰው በሰው መደገፉን ነው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ ሐዘንተኛ ሰባቱን ቀን ብቻውን አይተውም። ወረርሽኙ የወሰደብን ይህንኑ ነው። በመጋቢት 2020 መጨረሻ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት ከ100 ሜትር በላይ መራቅ ተከለከለ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ብዙ አያቶች ለብቻቸው ተቀመጡ። ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣበት ስግድም በጥቂት ሰዎች ብቻ ተከበረ። ለቀብር የሚቆመው ሰው ተቆጠረ፤ የሚያስተዛዝነው ያጣ ሰው ሐዘኑ በውስጡ ቀረ። ክልከላው ሕይወት ለማዳን ነበርና አንነቅፈውም። የወሰደብንን ሳንመልስ ዝም ብለን መቀጠላችን ግን ስሕተት ነው።

ከሁሉ የከፋው መደበቃችን ነው። ብዙዎቻችን ድብርትን እንደ እብደት ወይም እንደ እምነት ማነስ ስለምናየው፣ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ «ራሴን ያመኛል» እንላለን እንጂ «መኖር ሰለቸኝ» አንልም። ድብርት በሽታ ነው፤ በምክክርም በመድኃኒትም ይታከማል። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ካስጠላ ለቤተሰብ ሐኪም ይነገር። ከ2015 ወዲህ የአእምሮ ጤና ሕክምና የሚሰጠው በኩፓት ሆሊም በኩል ነው። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ብቻውን አይተው፤ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። የሚያዳምጥ ሰው ለሚፈልግም የኤራን ስልክ 1201 ቀንና ሌሊት ይሠራል።

ከባለሥልጣናት የምንጠይቀው ግልጽ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ የሕክምና ተቋሞች አገልግሎታቸውን ለሕመምተኛው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ አዟል። እንግዲያው እናት የልቧን ጭንቀት በአሥር ዓመት ልጇ አስተርጓሚነት እንድትናገር መደረጉ ይብቃ። ልጁ ይጎዳል፤ እናትም በልጇ ፊት እውነቱን አትናገርም። አማርኛና ትግርኛ የሚያውቁ አስተርጓሚዎችና አማካሪዎች ይመደቡ። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣም መመሪያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቋንቋችን ይነገር።

ከራሳችንም የምንጠይቀው አለ። በየሕንጻችን ብቻቸውን የሚኖሩትን እንወቅ፤ ስልካቸውንም እንያዝ። መገናኘት ቢከለከል እንኳ በየቀኑ የሚደውል ሰው ይኑራቸው። በኮሮና ጊዜ ዘመዱን ቀብሮ ብቻውን የተቀመጠ ጎረቤት ካለን፣ ዛሬም ቢሆን ሄደን «እግዚአብሔር ያጽናህ» እንበለው። ጊዜው አልፏል አንበል፤ እሱ አሁንም እየጠበቀን ይሆናል።